ለብቻው የቀረበ ሙቹዋ

ኤልሳዕ ከእህቱ ከብሩክታይት በቀር ከማንም እጅ መብላት ካቆመ ከርሟል። ባጃጆቹ ጥሩምባ የሚነፉት ስለ እሱ ለመነጋገር ነው፤ ጎረቤት የሚስቀው በእሱ ነው፤ ገና በልቡ ያሰበውን መንገደኛው ሁሉ ቀድሞ ያውቅበታል። «አንቺ ግን የለሽበትም» ይላታል። ብሩክታይት ይህችን ቃል እንደ አደራ ይዛ ነበር የምትኖረው።

ሐኪሙም ነግሯታል። «ስለ ራሳችን የምናስብበትና ሰው ስለ እኛ ምን ያስባል ብለን የምንገምትበት የአንጎል ቦታዎች ጎረቤታሞች ናቸው። የወንድምሽ አጥሩ ላልቷል። የራሱ ሐሳብ ከሰው አፍ የወጣ ይመስለዋል። አንቺን ማመኑ ትልቅ ነገር ነው። መድኃኒቱን በድብቅ እንዳትሰጪው፤ አንቺንም ከጠረጠረ በምን እንደምንመልሰው አላውቅም።»

እሺ ብላ ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ግን ኤልሳዕ «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ተወ። ከግድግዳው ጋር ማውራት ጀመረ። ዘመድ ደግሞ ከጉኑኖ ሊመጣ ነው፤ የቤቱ ታላቅ አጎታቸው ዳልጮም አሉበት። በእሳቸው ፊት ክፉ ቢናገርስ? ብሩክታይት በበዓሉ ቀን ክኒኑን ፈጨችና ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ ከራሰው ሙቹዋ ጥቂት ቀንሳ ለወሰችበት።

በጊፋታ ግን ለብቻው የሚበላ የለም። የተጣላ እንኳ ታርቆ ከአንድ ገበታ ነው የሚቆርሰው። ትንሿን ሳህን ኤልሳዕ ፊት ስታስቀምጥ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት።

«ሆዱን ስላመመው ነው» አለች።

«ሙሽራ አደረግሽው እንዴ?» አሉ ዳልጮ። «እኔ ሽማግሌው እዚህ ከጎረምሳ ጋር ስሻማ! እስቲ የሙሽራውን እንቅመስ።» እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

ብሩክታይት ሳታስበው እጃቸውን አፈፍ አድርጋ ያዘች።

ኤልሳዕ የያዘችውን እጅ አየ። ሳህኑን አየ። ከዚያ ፊቷን።

«ለእሳቸው የማይሆነው ለእኔ የሚሆነው ምንድን ነው?»

«መድኃኒትህ ነው ኤልሳዬ። ያው ክኒንህ ነው። ይኸው፣ እኔው ልብላልህ።» ጠቅልላ ጎረሰች። ስታኝክ ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ልትከተለው ስትል ዳልጮ ያዟት፤ «ተይው ልጄ፣ ነፋስ ይንካው።»

ዘመዱ ተሸኝቶ ካለቀ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ኤልሳዕ ነው፤ በገዛ ቤቱ ደጅ እንደ እንግዳ ራቅ ብሎ ቆሟል። ፊቱ ረጋ ብሏል። ያስፈራትም እርጋታው ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ይህ የእህቴ ቤት ነው። ልብሷን ለብሰዋል፤ ድምፅዋንም በደንብ አጥንተዋል። አልጣላዎትም። የት እንዳደረሳችኋት ብቻ ይንገሩኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ። ብሩኬ ነኝ፣ እየኝ እስቲ።»

ጥቂት አያት። ያዘነላት ይመስል ነበር።

«እህቴ ምግቤ ውስጥ ምንም አትጨምርም» አለ።

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወደ ቦዲቲ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ጥቂት እንደሄደ «ብሩኬ! ብሩኬ!» እያለ፣ እየሮጠ መጣራት ጀመረ። ብሩክታይት በባዶ እግሯ «አቤት!» እያለች ተከተለችው። እሷ አቤት ባለች ቁጥር እሱ ሩጫውን ይጨምር ነበር።