ሐኪሟ ደርሳለች፣ ቁልፉ አልደረሰም

ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ስሙን አልጠራም፣ የብረት ክንድ ካስገባ ወዲህ ሐረሬው ሁሉ መታመም ያማረው ይመስል ነበር። ክንዱ የእርጉዝ ሆድ ላይ አልትራሳውንድ ያንሸራሽራል፤ የምታዘው ግን አዲስ አበባ የተቀመጠች ሐኪም ናት። እሷ እዚያ እጇን ስታዘነብል ክንዱ እዚህ ያዘነብላል። አስተባባሪው ዑበይድ በየስብሰባው እየተነሳ ርቀት ተሸነፈ ይላል። ርቀቱስ ተሸንፏል፤ ያልተሸነፈው ዑበይድ ነው።

የወንድሜ ልጅ ናዝራ ስምንት ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባት ይሄኛውን ትንፋሿን ይዛ ነው እዚህ ያደረሰችው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ልጁ አልንቀሳቀስ አላት። ጠዋቱን ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ሳዳ ሆዷን አዳምጣ ልቡ በደንብ አይሰማኝም፣ በማሽኑ መታየት አለባት አለች። ማሽኑ ግን ጠዋት ጠዋት ለጎብኚ ተይዟል፤ በሽተኛ የሚታየው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ሆስፒታል ብትሄዱም መጀመሪያ ምስሉን አምጡ ይሏችኋል አለች ሳዳ። ስምንት ሰዓት የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው፤ ይህን ሰዓት የመረጠው ሰው ወይ ሐረርን ጨርሶ አያውቃትም፣ ወይ በጣም ያውቃታል።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ክፍሉ ተቆልፏል። ዕቃው ውድ ነውና ቁልፉ ከዑበይድ ኪስ አይወጣም፤ ስልኩ ደግሞ ዝግ ነው። ወዲያው የሳዳ ስልክ ጮኸ። ዶክተር ብርነሽ ናት፣ ከአዲስ አበባ፤ እኔ ገብቻለሁ፣ እናንተ የት ናችሁ ትላለች። እኛማ በሩ ላይ ነን።

ናዝራን ተከትለውን ለመጡት የአፎቻችን፣ የለቅሶና የሠርግ ማኅበራችን፣ ሴቶች ትቼ ወደ ጀጎል ገባሁ። ዑበይድ ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ የት እንደሚቅም የማያውቅ የለም። ወንዶቹ ትራሳቸውን ተደግፈዋል፣ ጫቱ ፊታቸው ተዘርግቷል። ዑበይድ ምርቃናው ላይ ደርሶ በየገጠሩ አንዳንድ ክንድ ይተክላል፤ ከእንግዲህ አንዲት እናት መንገድ ላይ አትቀርም ይላል። ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምርቃና ላይ ያልተሠራ ሆስፒታል የለም።

"ቁልፉን" አልኩት።

"እማ ፈሂማ፣ ይቀመጡ እንጂ። ስለ እናቶች እኮ ነው የምንወያየው።"

እጄን ኪሱ ውስጥ ከትቼ ወሰድኩት። ጫማውን ሲፈልግ ቆይቶ ከኋላዬ መጣ።

ክንዱ ናዝራ ሆድ ላይ ወረደ። ዞረ፣ ዞረና አንድ ቦታ ቆመ። ዶክተሯ የልጁ ልብ በጣም ቀስ ብሎ እየመታ ነው፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን አለች። ከዚያ በስክሪኑ ወደ እኔ አየች።

"ለምን ዘገያችሁ? ቤታችሁ ሩቅ ነው?"

ዑበይድ ቁልፉን ከበሩ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። እኔ ናዝራን ደግፌ ወጣሁ። ሆስፒታል ስንደርስ የልጁ ልብ ቆሟል። ወንድ ነበር። አላህ የወደደው ነው አልኳት።

በማግስቱ ናዝራ የረሳችውን ሻሽ ልወስድ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ክፍሉ በጊዜ ተከፍቶ በጎብኚ ተሞልቷል። ዑበይድ ፀጉሩን አበጥሮ የትናንቱን ምስል ያሳያል። ማሽኑ ችግሩን ወዲያው አገኘው፣ እናቲቱ ግን ዘግይታ መጣች፤ ኅብረተሰቡ ላይ የግንዛቤ ክፍተት አለ ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ጎብኚዎቹም አዝነው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"እናቲቱ በርህ ላይ ነበረች" አልኩት። "አንተ በርጫ ላይ ስለ እሷ ታወራ ነበር።"

ጎብኚዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። ዑበይድ ፈጠን ብሎ ስክሪኑን አጠፋው። ልጃችንን በሕይወት ሳለ ያየነው በዚያ ምስል ብቻ ነበር።