የድንቡሼ ድርሻ

«ማነው ያበላቸው?»

ቀዶ ሐኪሙ አልጮኸም። የሾርባውን ሳህን በጣቱ ጠቆመ እንጂ። ሳህኑ ባዶ ነው፤ የዳቦው ፍርፋሪ አንሶላው ላይ ተበትኗል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ተራ ሲጠብቁ የሰነበቱት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አንዴ ሐኪሙን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ።

«እኔ ነኝ ያበላሁት» አለች ልጃቸው። «ምነው? አባቴ ቁርሱን አይብላ?»

«ዛሬ እኮ ኦፕራሲዮን የሚሆኑበት ቀን ነው። የበላ ሰው ማደንዘዣ ቢሰጠው ትውከቱ ሳንባው ይገባል። አልተነገራችሁም?»

«ኧረ ማንም የነገረን የለም!»

ሐኪሙ ዞሮ አልጋው ግርጌ የቆሙትን ሁለት ተማሪዎች አየ። አንደኛዋ ልትመረቅ የደረሰች የሕክምና ተማሪ ናት፤ የዚህ ሳምንት የቡድኑ መሪም እሷው ነች። ሌላዋ የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ጉንጯን አይተው ድንቡሼ ይሏታል። በዚህ ክፍል የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ነው ታማሚ የሚይዙት። ተመርቀው ሲወጡ እንዳይናናቁ ከአሁኑ ይላመዱ ተብሎ ነው። መላመድ ድሮስ መቼ ቀላል ሆኖ ያውቃል!

«ይህን መንገር የማን ድርሻ ነበር?» አለ ሐኪሙ።

«የነርሲንግ ተማሪዋ» አለች መሪዋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ አንዴ ወጣ፤ መመለሻ የለውም።

ዋሸች እንዳይባል አልዋሸችም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ትናንት ከሰዓት ሥራ ሲከፋፈሉ፣ እንዳይበሉ መንገሩ በእርግጥ ለድንቡሼ ነበር የደረሰው። አስተማሪያቸው ሲስተርም ሰምታለች። ከስብሰባው ሲወጡ ግን ኮሪደር ላይ «አንቺ ተይው፣ እኔ ልንገራቸው» ያለችው ማን ሆነችና፣ ራሷ መሪዋ! ደግሞስ ለምን? የሽማግሌው ልጅ «ዶክተርዬ» እያለች አፍ አፏን ስታያት ደስ ስለሚላት ነዋ። እጇን ነጭ ጋዋኗ ኪስ ከታ ማስረዳት አማራት። ወደ አልጋው እየሄደች ሳለ እናቷ ደወለች፤ ታናሽ እህቷ ከባሏ ተኳርፋ ቤት መጥታለች። ወሬ ወሬን ወለደና የሽማግሌው ነገር ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ።

ድንቡሼ ቀና ብላ አየቻት። አፏን ልትከፍት ነበር፤ መልሳ ገጠመችው። ሲስተር የመጀመሪያ ቀን ያስጠነቀቀቻቸው ነገር ነበር፦ «ታማሚ ፊት አንዳችሁ አንዳችሁን አትወቅሱም። የምንባባለውን ነገር በር ዘግተን እንባባላለን።» አንዷ ሕጉን አፈረሰች፣ አንዷ ሕጉን አክብራ ተዋረደች።

«አንቺ ነሽ?» የሽማግሌው ልጅ ድንቡሼ ላይ ወረደችባት። «አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት እያደረ አንቺ አንዲት ቃል መናገር አቅቶሽ! ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው? ሁለተኛ እጅሽ እንዳይነካው!»

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ልጅ ናት» አሉ ሽማግሌው።

ሴትዮዋ ግን አልተወችም። ስድቧን ክፍሉ በሙሉ፣ አስታማሚውም ታማሚውም ሰማ። ያቺ መሪ ተብዬ ደግሞ ከአጠገቧ ቆማ ጫማዋን ታያለች። «አይ፣ እኔ ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ሐኪሙ ቀጠሮውን ወደሚቀጥለው ሳምንት ገፍቶ ሄደ፤ እሷም ትንፋሿን ይዛ ቀረች።

ከሰዓት ሲስተር በሩን ዘግታ አራቱንም አስቀመጠቻቸው።

«እዚህ ጥፋተኛ አንፈልግም» አለች። «አንድ ቡድን ናችሁ። አንዱ ቢረሳ ሌላው ነገርክ ወይ፣ ነገርሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የሁላችሁም ጥፋት ነው።»

«እውነት ነው፣ የሁላችንም ነው» አለ ወሬ የማይሰለቸውና «ፕሮፌሰር» የሚሉት የፋርማሲ ተማሪ። «እኔ ራሴ መድኃኒታቸውን ሳይ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«እኔም ጠዋት ቀና አድርጌ ሳስቀምጣቸው ሳህኑን አይቼዋለሁ» አለ የፊዚዮቴራፒው ልጅ። «ምንም አልመሰለኝም።»

«አዎ፣ የሁላችንም» አለች መሪዋም። አራት ሰው ታማሚ የሚሸከምበትን አንሶላ ጫፉን ብቻ እንደ መያዝ ቀለላት። ወዲያው ደግሞ በመቅለሉ አፈረች።

ድንቡሼ ዓይኗን ከመሪዋ ላይ አልነቀለችም።

«ያም ሆኖ» አለች ሲስተር ወደ ድንቡሼ ዞራ፣ «የታማሚው ልጅ አንቺ አባቷን እንዳትነኪ ብላለች። የክፍሉ ኃላፊም ተስማምተዋል። ከነገ ጀምሮ እዚህ አትገቢም። ልምምዱን ከሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ጋር እንደ አዲስ ትጀምሪዋለሽ። አዝናለሁ የኔ ልጅ።»

የሁላችንም የተባለው ጥፋት ሲከፈል የአንዷ ሆነ።

ድንቡሼ ዕቃዋን ከሎከሩ ስታወጣ መሪዋ ከኋላዋ ደረሰች።

«ረስቼው ነው። እናቴ ደውላ…»

«እንደረሳሽማ አውቃለሁ» አለች ድንቡሼ፣ ነጠላ ጫማዋን በፌስታል እየጠቀለለች። «ሰው ይረሳል። መርሳትሽ አልገረመኝም።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ? ስብሰባው ላይ እንኳን?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበራ! ‹የሁላችንም› ስትይ ሰማሁሽ። ከዚያ በኋላ እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?»

መሪዋ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች።

«ለሲስተር እነግራታለሁ። አሁኑኑ ቢሮዋ ገብቼ።»

«እንደፈለግሽ» አለች ድንቡሼ፤ የሎከሩን በር ዘጋች።

መሪዋ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። የምትለውን በልቧ አሰናዳች። ሲስተር ጥሩ ሰው ናት፤ በሩን ዘግታ ትሰማታለች፣ ትንሽ ትቆጣለች፣ ድንቡሼም ትመለሳለች። ከሦስታቸው በቀር ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። ቢሮው ጋ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሲስተር አጎንብሳ ትጽፋለች። ልታንኳኳ እጇን አነሳች።

ድንቡሼ የተሰደበችው ግን እዚህ አልነበረም። ሰው በተሞላ ክፍል መሐል ነበር።

እጇን አወረደችና ቢሮውን አልፋ ወደ ታማሚዎቹ ክፍል ሄደች።

የሽማግሌው ልጅ ስታያት ከወንበሯ ተነሳች። «ነይ ዶክተርዬ! ከናንተ ሁሉ አንቺ ነሽ ሰው። ባትናገሪ ኖሮ ያቺን ማን ያውቅባት ነበር?» ብላ ብርቱካን ልታቀብላት እጇን ዘረጋች።

ተማሪዋ ብርቱካኑን አልተቀበለችም። ከጎን ያሉት ታማሚዎች እንዲሰሙ ድምፏን ከፍ አደረገች።

«እንዳይበሉ ልነግራችሁ የነበረው እኔ ነኝ። እሷ ልትነግራችሁ ስትል ተይው ብያት እኔ ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ አንዳች አላጠፋችም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸው ብርቱካኑን እንደያዘች ቀረች።

«ያንን ሁሉ ስድብ ሳወርድባት» አለች ቀስ ብላ፣ «አጠገቤ ቆመሽ አልነበር?»

«ቆሜ ነበር» አለች ተማሪዋ።