አሥራ ሁለት ፐርሰንት

አራተኛውም ሞተር ተቃጠለ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ጥሶ አለፈ፣ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ጭስ ወጣ፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ከጥቅም ውጭ መሆኑን ያለ ምንም ይሉኝታ ጻፈ። መምህርት ፋና ማውዙን ለቃ ጉንጯን ያዘች።

እውነተኛ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ የመምህር ደመወዝ ዕድሜ ልክ ቢጠራቀም አይከፍለውም ነበር። ደግነቱ ነገሩ ሁሉ ያለው በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የአጎቷ ልጅ ከባሕር ዳር በፍላሽ ያመጣላት የበረራ ማለማመጃ ነው፤ ጨዋታ መስሎት የቀረበውን ሁሉ የሚያዋርድ። እንደ መኪና ቁልፍ ጠምዝዞ ማስነሳት የለም። ባትሪው ይከፈታል፣ ማስነሻው ሞተሩን ያሽከረክራል፣ ከዚያ ነዳጅ ይሰጣል። ፋና የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ሦስቱንም በቅደም ተከተል አድርጋለች። ታዲያ ለምን ይቃጠላል?

ጉዳዩ የእሷ ጉጉት ብቻ ቢሆን ደስ ባላት። ርዕሰ መምህሩ አቶ እንድሪያስ ግን ቁርጡን ነግረዋታል። "ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እመጣለሁ። ልጆቹ ምን እንደሚማሩበት አሳይኝ። ካልሆነ ኮምፒውተሩ ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ ጸሐፊዋ ማሚቱ ፈተና የምትጽፍበት አጥታለች።" ሠላሳ ሁለት ልጆች ያሉት ክበብ ያለው ይኸው አንድ ኮምፒውተር ነው። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ነበር።

አምስተኛውን ልትሞክር ስትል መብራት ጠፋ። ከአጥሩ ማዶ ያለው የአያ ገብረሰንበት ወፍጮም አብሮ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ የአሮጌው ናፍጣ ሞተር የመዞር ድምፅ ተሰማ። ፋና ሥራ ፈትታ ከመቀመጥ ብላ ሄደች።

አያ ገብረሰንበት እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው በቀኝ እጃቸው የማስነሻ ብረቱን፣ ማኖቬላውን፣ ያዞራሉ። በግራ እጃቸው ከሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የማስተንፈሻ ዘንግ ወደ ላይ ይዘዋል። ከባዱ የብረት ጎማ እየፈጠነ ሄደ፤ እሳቸው ግን ዘንጓን አይለቁም። ላባቸው ዱቄቱን አቦካው። ቆይተው ቆይተው ለቀቁ፤ ሞተሩ ዱፍ ብሎ ተነሳ።

"አያ፣ ዘንጓን ቀደም ብለው ቢለቋት አይቀልዎትም ነበር?"

"ኧረ ምን ሲደረግ፣ ልጄ! ሳይሮጥ ካጎረሱት ይታነቃል። ወይ አልነሳም ይላል፣ ወይ ማኖቬላውን መልሶ ክንድ ይሰብራል።"

"መድረሱን በምን ያውቃሉ?"

"በጆሮዬ ነዋ። ክንዴማ ሰነፍ ነው፣ ገና ሳልጀምር ይበቃል ይለኛል። ጆሮዬ ገና ነው ካለ ገና ነው።"

ፋና ባለችበት ደርቃ ቀረች። መመሪያው ላይ ስለ ሞተሩ ፍጥነት "አሥራ ሁለት ፐርሰንት" የሚል አንብባለች፤ እሷ ግን የፍጥነት መርፌው አራት እንደደረሰ ነበር ነዳጁን የምትለቀው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እንዲህ ነው።

ዓርብ መብራት ሲመጣ መርፌው አሥራ ሁለት እስኪሞላ እጇን ጭኗ ሥር ቀብራ ጠበቀች። ነዳጅ ሰጠች። ሙቀቱ ወጣ፣ ከቀዩ መስመር በታች ቆመ፣ ተመልሶ ወረደ። አፍንጫው ላይ ያለው ፕሮፔለር እየፈጠነ ከዓይን ጠፋ። ለብቻዋ እልል አለች፤ የደስታዋ ብዛት አሳፈራት።

ቅዳሜ ሁሉም በጊዜ ተሰናዳ። ልጆቹ የአነሳሱን ቅደም ተከተል ከነአሥራ ሁለቱ አጥንተው በረድፍ ተቀመጡ፣ የተጋበዙት አያ ገብረሰንበትም ዱቄታቸውን አራግፈው ከኋላ ቦታ ያዙ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ፋና ለእንግዳው እንዲያምር ብላ የአውሮፕላኑን ባትሪ ከፈተች፤ መብራቱን ሁሉ አበራች፣ ሬዲዮኑንም አስጮኸች። የአብራሪው ክፍል የሰርግ ቤት መሰለ። አቶ እንድሪያስ ግን የአንድ ለአምስት ግምገማ ይዟቸው የመጡት ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው። ማሚቱም ኮምፒውተሩን የምትሸፍንበት ጨርቅ ይዛ ተከትላቸው ገባች።

"በይ እንግዲህ፣ እንየው" አሉ ሰዓታቸውን እያዩ።

ፋና ማስነሻውን ከፈተች። አራት። ስድስት። ስምንት። ዘጠኝ ላይ መርፌው ቆመ። ጠበቀች፤ አልነቃነቅ አለ።

"አስነሺው እንጂ!"

እጇ ነዳጁ ላይ ነው። ዘጠኝም ብዙ ነው፤ ምናልባት ይነሳል፣ ልጆቹም ያጨበጭባሉ፣ ኮምፒውተሩም ይተርፋል። ዞር ብላ አያ ገብረሰንበትን አየች። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብለዋል። እሷም አዳመጠች። ድምፁ ዳገት ላይ እንደደከመ አህያ ይጎተታል።

ማስነሻውን ዘጋችው። "ዛሬ አይነሳም" አለች።

"እንዴት አይነሳም?"

"ባትሪው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መብራት አብርቶ እርስዎን ሲጠብቅ ደከመ፤ እንደ እውነተኛው ባትሪ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳይመጡ መክፈት አልነበረብኝም። እንዲህ ሆኖ ነዳጅ ከሰጠሁት ይቃጠላል።"

"ሥዕል አይደለም እንዴ? ቢቃጠል ማን ይጎዳል?"

"ልጆቹ እያዩኝ ነው፣ ጋሼ።"

ማሚቱ ገመዱን ልትነቅል ጎንበስ አለች። አቶ እንድሪያስ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አደረጉ።

"ስንት ላይ ነበር የቆመው?"

"ዘጠኝ።"

"ስንት መሆን ነበረበት?"

"አሥራ ሁለት!" አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

አቶ እንድሪያስ ልጆቹን ዞረው አዩ፣ ቀጥለው የእጅ ሰዓታቸውን። "ቆይ ማሚቱ፣ ተይው። ሰኞ በስምንት ሰዓት እመለሳለሁ። በስምንት።"

ፋና ራሷን በአክብሮት ዝቅ አደረገች። ከዚያ ማንም ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ፣ በመጨረሻም ባትሪውን አጠፋች።