ከግራሮቹ ወዲህ

«ከቅዱስ ድሜጥሮስ በዓል በኋላ የኢልፎቭ መታወቂያ የያዘ ሰው እዚያ መቃብር አይቀበርም!» አለ ጳንዴሌ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ። ጠዋት ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ብሎታል፤ ቀትር ላይ ለፖስተኛዋ ነግሯታል፤ አሁን ደግሞ ጥቅል ጎመኑን በጨው ውሃ በርሜል እየዘፈዘፈ ለጎረቤቱ ለዛምፊራ።

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ያውቀዋል።»

«ሁሉም ያወቀው ነገር አንተ አፍ ሲገባ ነው ውሸት የሚሆነው።»

ቀለደች እንጂ ወሬው እሷንም ይመለከታል። መንደራቸው ኮዝለሽቲ ኢልፎቭ አውራጃ ውስጥ ነው። መቃብሩ ግን ከማሳው ባሻገር፣ ዋና ከተማዋ ቡካሬስት እየገፋች መጥታ አፍንጫው ሥር የቆመችበት ቦታ ነው። ባሏ ኔጎይጻ እዚያ ከተኛ ስድስት ዓመቱ። በድንጋይ መስቀሉ ላይ ከሱ ስም ሥር የሷም ተቀርጿል፦ «ዛምፊራ 1951 –»። ከሰረዙ ወዲያ ባዶ ነው። የቀራት መሞት ብቻ ነበር፤ ለሱም ፈቃድ ሊያስፈልግ ነው።

በማግስቱ ማልዳ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደች። «መቃብሩ የኛ አይደለም እትዬ፤ የከተማው ነው» አላት ጸሐፊው። አውቶቡስ ይዛ ክፍለ ከተማው ደረሰች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት መታወቂያዋን ገልበጥ አድርጋ አየችና መለሰችላት።

«የኢልፎቭ ሰው ነዎት። አውራጃውን ይጠይቁ።»

«አውራጃው የት ነው?»

«እዚሁ ቡካሬስት፤ ሦስት ፌርማታ ነው።»

«ቡካሬስት ኢልፎቭ ውስጥ ናት እንዴ?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ጽሕፈት ቤቱ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔንጃ እናቴ። እኔ ስቀጠርም እዚሁ ነበር።»

ዛምፊራ ግራ ገባት። ሰው በሰው ሳሎን ተቀምጦ የራሱን ቤት ሲያስተዳድር አይታ አታውቅም። አውራጃው ዘንድ ደግሞ ካርታ ዘረጉላት፤ ኢልፎቭ ከተማዋን እንደ ቀለበት ዙሪያዋን ይዟታል፣ ጣቱ ግን የቀለበቱ አይደለም። «ወሰኑ እየተለካ ነው፤ ይጠብቁ» አሏት። እስከ መቼ? እስኪለካ።

ልጇ ሳንዳ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። የከተማ ነዋሪ ናት፤ አፓርታማ አላት።

«እማዬ፣ መታወቂያሽን በኔ አድራሻ እናዙረው። የከተማ ሰው ትሆኛለሽ፣ አለቀ።»

«በስተርጅና የተገዛ ቲማቲም በልቼ ልሙት?»

«ቲማቲምሽን ማን ነካብሽ? ወረቀት ነው። አባዬ አጠገብ መተኛት ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ትፈልጋለች። ከሳንዳ ጋር መታወቂያ ቢሮ ሄዳ ተሰለፈች፤ ቅጹንም ሞላች። የመጨረሻው መስመር «ከዛሬ ጀምሮ በኮዝለሽቲ እንደማልኖር አረጋግጣለሁ» ይላል። ብዕሩን እንደያዘች ጠዋት ቆልፋው የመጣችው በር፣ ከኔጎይጻ ጋር የለሰነችው ግድግዳ ትዝ አላት። ብዕሩን አስቀመጠችው።

«ዋሽቼ አልቀበርም።»

«ታዲያ የት ልትቀበሪ ነው?» አለች ሳንዳ።

«ስሜ ያለበት።»

መንደር ስትደርስ ጳንዴሌ እዚያው በርሜሉ ላይ ነው።

«ስማ፣ የሞትኩ ቀን ለማንም እንዳትናገር። አንድ ቀን አፍህን ዝጋ።»

«አንድ ቀን ሙሉ?»

«እሱ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ቄሱን ጥራና በእጅ ጋሪህ ገፍታችሁ አስገቡኝ፤ መታወቂያ የሚጠይቅ ሳይደርስ።»

ጳንዴሌ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ለካት። «እግርሽ ይተርፋል። ጎማውም ተንፍሷል። ደሞ እኔ ቀድሜ ብሞትስ?»

«ያኔ ወሬውም አብሮ ይቀበራል።»

እየተሳሳቁ ሳለ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ቀያሽ፣ ባለሦስት እግር መሣሪያዋን ትከሻዋ ላይ አጋድማ በማሳው በኩል መጣችና ውሃ ለመነች። ዛምፊራ ብርጭቆ ሞልታ ሰጠቻት።

«ከወዴት ነው ልጄ?»

«ከመቃብሩ። ወሰኑን ለክተን ጨረስን።»

«የማን ሆነ?»

«ወሰኑ መቃብሩ ውስጥ ባሉት ግራሮች መሀል ነው የሚያልፈው። ከግራሮቹ ወዲህ ያለው ኢልፎቭ ነው። አዲስ ነገር የለም፤ ድሮም እንደዚያው ነበር።»

የኔጎይጻ መቃብር ከግራሮቹ ወዲህ ነው።

«ተገላገልሽ!» ብሎ ጮኸ ጳንዴሌ፣ ወሬው የራሱ እንዳልነበረ ሁሉ።

ዛምፊራ ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለች። ከማሳው ማዶ ግራሮቹን ቆማ አየቻቸው፤ ከበስተኋላቸው የከተማዋ ፎቆች ካለፈው ዓመት ይልቅ በዝተውና ቀርበው ቆመዋል።

«የጋሪህን ጎማ ግን ንፋው» አለችው።