ከጨዋታው በኋላ ይነገረው

«ዕዝራ፣ እናትህ አጠገብ ተቀመጥ እንጂ!» አሉት ጎረቤታቸው እትዬ የምስራች። ልጁ እንዳልሰማ ሆኖ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አባቱ ከተቀበረ ወዲህ እናቱን ተናኘን አላናገራትም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጠባብ አፓርታማ በለቀስተኛ ጢም ብላለች። ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ኮሌጆቹ ተሻምተውበት ነበር አሉ። አሁን ኳሱን ኩዊት አድርጌያለሁ፣ በቃኝ ብሏል።»

«ምነው?»

«የአባቱን ሞት ደብቀው አጫወቱታ!»

ተናኘ ሰማች። እውነታቸውን ነው።

ባሏ ንጉሡ የአሜሪካን ፉትቦል ነገር ጨርሶ አልገባውም ነበር። ልጁ ኳስ ወርዋሪው፣ ኳርተርባኩ፣ ሆኖ የትምህርት ቤቱ ኮከብ ከተባለ በኋላ እንኳ «ለምን ራሱ ይዞ አይሮጥም?» እያለ ይሟገታል። ቢሆንም ታክሲውን አቁሞ የማይገኝበት ጨዋታ የለም። ተጋጣሚ ሲያገባም ሳያውቅ ተነሥቶ «እንዲያ ነው እንጂ!» ብሎ ይጮኻል። ዕዝራ በኀፍረት መግቢያ ያጣ ነበር።

ዓርብ ቀን የንጉሡ ልብ ቀጥ አለ። በዚያው ማታ ዕዝራ በቅርባቸው ባለችው ከተማ በአሌክሳንድሪያ የዓመቱን ትልቅ ጨዋታ ይጫወታል። «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ከጨዋታው በኋላ፣ ሽማግሌ ባለበት ይነገረው» አለ የሟች ወንድም ዘሪሁን። ልጁ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ለእናቱ ደወለ።

«ዳድ የት ነው?»

«ሥራ ይዞት ነው» አለችው ተናኘ፣ እንባዋን ውጣ።

እንደዚያን ማታ ተጫውቶ አያውቅም። አጎቱ ቤት አደረ፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ቀሰቀሱት።

አሁን ለቀስተኛው ለምሳ ሲነሣ ዕዝራ መጥቶ ከእናቱ ፊት ቆመ።

«ማነው አትንገሩት ያለው? አንክል ነው?»

ዘሪሁን ሊመልስ ሲል ቀደመችው።

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ማታ እንኳ አባት እንዳለህ ሆነህ ተጫወት ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።»

«ዳድ ሞቶ ቤስት ጌሜን ተጫወትኩ፣ ማሚ! ሙሉ ጌም ወደ ሰዉ አያለሁ። ትራፊክ ይዞት ነው፣ ይመጣል እያልኩ።»

«እኔም እስካሁን ይመጣል እያልኩ ነው» አለችው።

ዕዝራ ተንበረከከ። ከትከሻዋ የወረደውን ጥቁር ነጠላ አንሥቶ አለበሳት፤ ጫፉን ግን አልለቀቀም።