ማንም የማይሰማው ድምፅ

አባቴ ምድር ቤት ውስጥ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። በሰባት ዓመቱ ትኩሳት ይዞት ሲለቀው መስማት አቆመ። እናቴ እዚያው ምድር ቤት፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ጨርቅ ትቆርጥለታለች። አንድ ነገር ሲፈልግ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ይሄድና በእጁ ምልክት ይነግራታል፤ እሷም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ነው የሚውሉት። ዘንድሮ ግን ጉልበቱ እምቢ አለው።

ምድር ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ለመመረቂያዬ፣ ስልኮች በድምፅ ብቻ ጽሑፍ የሚላላኩበት መተግበሪያ ሠራሁ። ድምፁ በጣም ቀጭን ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ የሌላው ስልክ ማይክሮፎን ግን ይቀበለውና መልሶ ጽሑፍ ያደርገዋል።

ሁለቱም ስልክ ላይ ጫንኩላቸው። አባቴ ፊደል እየለቀመ ጻፈና ላከ። አልደረሰም። ደገመ፤ አሁንም የለም። የመኪናው ጩኸት ይሆናል ብዬ ባስቆመውም ያው ነው። እናቴ ብርድ አልወድም እያለች በሯን ዘግታ እንደምትሠራ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ደግሞ በር ማለፍ አይሆንለትም። ሄጄ ከፈትኩት። አባቴ እንደገና ሲልክ የእናቴ ስልክ ነዘረ፤ የጨርቁ ክምር ላይ የተኛችው ድመታችንም ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ብድግ አለች።

አባቴ ድመቷን አየ፣ እኔን አየ። ድምፁን ሰምቼው እንደሆነ በእጁ ጠየቀኝ። አልሰማሁም አልኩት። እናቴስ? እሷም አልሰማችም። እጆቹን አነሳ።

«እንግዲያው ዛሬ እኩል ነን» አለኝ።

ስንት ወር ስለፋበት ይህ አንድም ቀን አልታየኝም ነበር። እንባዬን እንዳያይብኝ ስልኩ ላይ አቀረቀርኩ።

በኋላ መምህሬ እናትና አባቴ የተላላኳቸውን መልእክቶች ናሙና አምጪ አለኝ። እናቴን ብለምናት፣ ብለማመጣት ወይ ፍንክች።

«የእኔና የእሱ ነው» አለችኝ፣ ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ እየከተተች።

ሳምንት ሙሉ ከነዘነዝኳት በኋላ አንዷን ብቻ ሰጠችኝ፦ «ሁለት ሜትር ተኩል ግራጫ ሱፍ።»