የተከደነው እራት

ልብስ አጣቢዋ የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተናውን ሁለት ጊዜ በአንድ ነጥብ ወድቃለች። አሁንም ካላለፈች የሆስፒታሉ ረዳት ነርስነት ቀረባት። ሾፌር ባሏ መንገድ ወጥቶ ከቀረ ወዲህ ማታ ማታ እራቱን ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ሳህኑን ባዶ ታገኘዋለች። ለማንም ትንፍሽ ሳትል ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

የመጨረሻው ልምምድ ዓሣ ሊያጠምድ ስለወጣ ባል ነበር። «ሰውዬው ቤቱ ተመልሷል፤ እውነት፣ ሐሰት ወይስ አልተገለጸም?» ይላል ጥያቄው። እሷ እንደ ልማዷ «እውነት» አለች።

«እትዬ፣ ከራስዎ አይጨምሩ» አላት ወጣቱ አስተማሪ። «ተመለሰ የሚል የት አዩ?»

«ሚስቱ እራት አቅርባለች እኮ!»

«ሰውዬውን ካላስገባሁ ሞቼ እገኛለሁ አልሽ!» አለ ከኋላዋ የተቀመጠው አናጢ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

እያቅማማች ሰርዛ «አልተገለጸም» የሚለውን አከበበች።

«ጎበዝ! እንዲህ ከሆነ ነገ ያልፋሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ስታነሳ እራቱ እንዳለ ቀዝቅዞ አገኘችው።

ፈተናውም መንገድ የወጣ ሰው ቤቱ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቃት። «እውነት» ላይ አከበበች።

«ምነው እትዬ፣ ነግሬዎት አልነበረም?» አላት በር ላይ ሲጠብቃት የነበረው አስተማሪ መልሷን ሰምቶ።

«ነግረኸኛል ልጄ» አለችው። «ግን ሰውዬው ጦሙን አደረ።»